«እንዳው ምን አለና» ያልኩት ሰሊጥ

እኛ አገር ሰሊጡ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ «ዘንድሮስ እንዴት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ ነው። «እንዳው ምን አለና» እንላለን። ሰሊጡ ግመል ቢገባበት ጆሮው የማይታይ ይሁን፣ ፍሬው ከሥር እስከ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ይሁን፣ መልሱ አይለወጥም። ይህን ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ ቆላ ወርዶ አያውቅም። ውሸት ማለት ሰው ለማታለል የሚነገር ነው። በዚህ ደግሞ የሚታለል ሰው ቀበሌያችን ውስጥ የለም። ጠያቂውም ያውቃል፣ ተጠያቂውም ያውቃል፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቅንቀው «አይ ዘመን» ተባብለው ይለያያሉ። በእርግጥ ምንም የሌለው ሰው ግን ዝም ነው የሚል። ዝም ያለ እንደሆነ ጎረቤት ማሽላ ይዞለት ይሄዳል።

ነገሩ አባቶቻችን ከደጋ ሲወርዱ ይዘውት የወረዱት ነው። እህል ሳይገባ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ እንደሆነ በረከቱ ይነሳል። ከብትም አይቆጠርም። ልጅም ቢሆን አፍ ተሞልቶ አይነገርም። ጎረቤቴ አያ ቢያድግ ሚስቱ የወለደች ጊዜ «ምን ሰጣችሁ?» ብየ ብጠይቀው «እንዳው የሆነች ነገር» አለኝ። የሆነችው ነገር መንታ ወንዶች ነበሩ።

ይህን ጠባያችንን ይዘን በሰላም ስንኖር ነው ኮምፒውተሩ የመጣብን።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ «ቀ» ላይ ስንደርስ ዝናብ ገባና መምህሩም እኛም ወደ አረም ሄድን። ከ«ቀ» ወዲያ ያለውን በራሴ ነው የደረስኩበት፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ባሉት ፊደላት ላይ ስሕተት የተገኘ እንደሆነ ጥፋቱ የዝናቡ ነው። በቀበሌያችን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ። የተመረጥኩት ስብሰባ ላይ ተኝቸ ነው፤ ስነቃ ይጨበጨብ ነበር። በኋላ ሊያወርዱኝ ስብሰባ ሲጠሩ ግን ነቅቸ ጠበቅኋቸውና እምቢ አልኩ። ግትር ነው ይሉኛል። ግትር አይደለሁም፤ ሌላው ሰው ነው ቶሎ የሚለቅ።

የእኛና የሌሎች ማኅበራት፣ ከአብደራፊ አንስቶ እስከ ገለጉ ያሉት፣ ሸሕዲ ላይ አንድ ዩኒየን አላቸው። ዩኒየን ማለት የማኅበራት ማኅበር ነው። ሰሊጥ ይረከባል፣ ጆንያና ሸራ ያድላል፤ ከሁሉም በላይ ግን በአጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኛ በመኪና እየጫነ ለየቀበሌው ይልካል። ይህ የመጨረሻው ነው የነፍስ ጉዳይ። ምክንያቱም ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይደለም። ማሽላ ትሑት ነው፤ እስክትመጣ ቆሞ ይጠብቅሃል። ሰሊጥ ኩሩ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ብሎ «ደረስኩ» ባለ በሳምንቱ ካልታጨደ፣ ቅር ብሎት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ከዚያ ወዲያ የሚያጭድ ሰው እንጨት ነው የሚያጭድ። እንግዲህ የዓመት ኑሯችን በዚያች ሳምንት ሰው በማግኘትና በማጣት መካከል ነው የተንጠለጠለ። ሰው ደግሞ የሚገኘው ሸሕዲ ነው። ከጎጃምም ከወሎም ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ የወረደ ሁሉ እዚያ ነው የሚውል። ቆላውን የለመዱትን፣ ሙቀቱም ትንኙም የማያሸንፋቸውን፣ ሳሉግ እንላቸዋለን።

ድሮ የሳሉጉ መኪና ወዴት ይሂድ የሚለውን የሚወስን የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ነበር። የሚወስነውም ማን አብልጦ እንደጮኸበት አይቶ ነው። እኔ ድምፄ ወፍራም ስለሆነ መኪና አጥቸ አላውቅም። ይህ አሠራር ምን ጉድለት እንደነበረበት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና ሊቀመንበሮችን ሁሉ ሸሕዲ ሰበሰበን። አጠገቡ ደሳለኝ የሚባል ከጎንደር የወረደ ቀጭን ወጣት ቆሟል። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ እንዲህ ሲል አስረዳን፦

«እስካሁን የእናንተ መረጃ ለየብቻው ነው የተቀመጠ። የዘሩ አንድ ቢሮ፣ የዝናቡ ሌላ ቢሮ፣ ርክክቡ ሌላ ቢሮ። አንዱ በኩንታል ይጽፋል፣ አንዱ በጆንያ፣ ድንበር ያለው ደግሞ በሱዳን ሚዛን። እኛ የዘንድሮውንም ያለፉትን ዓመታትም ከየቦታው ሰብስበን፣ አበጥረን፣ በአንድ ልክ አድርገን፣ አንድ ላይ እናስቀምጠዋለን። ዳታ ዌርሃውስ ይባላል። የመረጃ ቋት በሉት። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ ወዴት ልላክ፣ ሸራ ለማን ይድረስ ሲል እሱን ያያል።»

እጄን አወጣሁ። «የሚወስን እሱ ቋቱ ነው?»

«አይደለም አባት። ቋቱ ያሳያል፤ የሚወስን ሰው ነው።»

«ድሮም ሰው ነበር የሚወስን።»

«ድሮ ሳያይ ነበር።»

«ባያይም እኔ ስጮህ ይሰማ ነበር» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም።

ደሳለኝ ክረምቱ ሳይወጣ ለምዝገባ ወደ እኛ ወረደ። በሞተር ሳይክል ነው የመጣ፤ መጣ ከማለት ግን ሞተሩን አዝሎ መጣ ማለት ይሻላል። የእኛ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማ አያሳልፍም። ሚስቴ ትርንጎ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ሰጠችው፤ ራኩባችን ሥር፣ የሳር ጥላው ውስጥ ማለቴ ነው፣ ተቀምጦ ያችን እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለች ኮምፒውተር ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ዘንድሮ ምን ያህል ዘሩ አባት?»

«እንዳው እዚያች ጋ ትንሽ ሞካከርኩ።»

«ትንሽ ሲሉ?»

«ፈጣሪ የፈቀደላት።»

«ስንት ጆንያ ይጠብቃሉ?»

ልክ በዚህ ጊዜ ነፋስ ተነሣ። ከጀርባው ሰሊጡ እስከ ዐይን ማረፊያ እየተንሿሿ ስለነበር ለመሰማማት መጮኽ ነበረብን።

«እንዳው ምን አለና!» አልኩ እየጮኽኩ። «አምስት ጆንያ ካገኘሁ ምን አነሰኝ!»

ዞር ብሎ አየ። «ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የፈጣሪ።»

አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ከእኔ ወደ አያ ቢያድግ ሄደ። አያ ቢያድግ «እኔማ አርጅቻለሁ፣ እርሻም ትቻለሁ» ብሎ መለሰለት፤ ይህን ያለው ትራክተር ላይ ተቀምጦ ነው። ሌላውም እንዲሁ። ቀበሌያችን ያን ቀን በሙሉ ልብ አገሩን ባዶ አድርጎ ሸኘው። ማታ ላይ ደግሞ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተጨቃጨቀም» ብለን አመሰገንነው።

አብደራፊ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያሉት ሰፋፊ አራሾች ናቸው። ብድርም ናፍጣም በእርሻው ስፋት ስለሚሰጥ፣ ስንት ዘራህ ሲሏቸው ከወንዙ ማዶ ያለውንም ይጨምራሉ። ይህም የእነሱ ወግ ነው፤ አልነቅፍም። እንግዲህ የእነሱ ጉራና የእኛ ትሕትና አንድ ቋት ገቡ።

ሰሊጡ ቢጫ አለ። መኪና የለም። ማለዳ ወጥቸ መንገዱን አያለሁ፤ አቧራ ሲነሣ ደስ ይለኛል፤ አቧራው ፍየል ሆኖ ይመጣል። ለሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወልኩና በለመድኩት ድምፅ ጮኽኩበት።

«አባት፣ ድምፅዎ መልካም ነው» አለኝ ረጋ ብሎ። «ውሳኔው ግን በመረጃ ነው።»

ትርንጎ ከጓሮ ሆና «ምን አለህ?» አለችኝ።

«ድምፄን አመሰገነው።»

«ታዲያ ሄደህ ዝፈንለት» አለች።

በጭነት መኪና ላይ ተሰቅየ ሸሕዲ ወረድኩ። መንገድ ላይ ሳሉግ የሞላቸው መኪናዎች እየዘፈኑ አለፉኝ፤ ሁሉም ወደ አብደራፊ ነው የሚሄዱ። ቢሮው ስደርስ ደሳለኝ ወንበር ሰጠኝና የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እኔ አዞረው። ምሰሶ ምሰሶ የሚመስል ነገር በቀለም ተሥሎበታል።

«ይሄ ረጅሙ አብደራፊ ነው። ይሄ ገለጉ። ይሄ ደግሞ...»

«የእኛስ?»

በጣቱ ከታች አሳየኝ። ጎንበስ አልኩ። «ምንም አይታየኝም።»

«ያችው ናት አባት።»

«ይሄማ የዝንብ ኩስ ነው።»

«አይደለም፤ ቀበሌዎ ነው።»

በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኋት። አልተነሣችም። ቀበሌየ ነበረች።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገን?» አልኩ።

«እርስዎ ነዎት። አምስት ጆንያ አሉኝ፤ አምስት ብየ አስገባሁ። አያ ቢያድግ እርሻ ትቻለሁ አሉኝ፤ ትተዋል ብየ አስገባሁ።»

«ከጀርባህ የነበረውስ?»

«የፈጣሪ ነው አሉኝ። ፈጣሪ የማኅበሩ አባል አይደለም።»

ንዴቴ እስኪበርድ ጠበቅኩና፣ «ልጄ፣ አባትህ አለ?» አልኩት።

«አለ።»

«ታሞ ሲተኛ እንዴት አደርክ ያልከው እንደሆነ ምን ይልሃል?»

«ደኅና ይላል።»

«ሐኪም ቤት ስትወስደውስ? ሐኪሙ ደኅና ነኝ ብሏል ብሎ ይመልሰዋል?»

ደሳለኝ ፈገግ አለ። «ሐኪሙማ ካርዱን አውጥቶ ያለፈውን ያያል። አምናም ደኅና ነኝ ሲል ምን ተገኝቶበት...» አለና ሳይጨርሰው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ መጎርጎር ጀመረ። እኔ የረሳኝ መስሎኝ ባርኔጣየን አነሣሁ።

«ይቀመጡ አባት» አለ ሳይዞር። «ባለፉት ዓመታት ከአጨዳ በፊት ምን እንዳሉ አለ። ከአጨዳ በኋላ ምን እንዳስረከቡም አለ። አንድ ላይ ስላልነበሩ ማንም አስተያይቷቸው አያውቅም።» ጥቂት ቆይቶ ቀና አለ። «እርስዎ አንድ ካሉ አሥር ነው። በየዓመቱ። ዝናብ ቢበዛም ቢያንስም አንድ ካሉ አሥር ነው። አያ ቢያድግም እንዲሁ። ቀበሌው በሙሉ።»

ሥራ አስኪያጁን ጠራውና «እነዚህ ሰዎች አይዋሹም» አለው። «ልካቸው ነው የተለየ።» ይህን በማለቱ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

መኪናው ተላከልን፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ሳሉጎቹ ደርሰው ነዶ አስረው እስኪያቆሙ ድረስ እኩሌታው ፈሷል። ግማሹን ሰው አጨደው፣ ግማሹን ጉንዳን ሰበሰበው። ያ ዓመት የቀበሌያችን ባለሀብት ጉንዳን ነበር። ትርንጎ መሬት ላይ የተነሰነሰውን ሰሊጥ በመዳፏ አፍሳ፣ አፈሩን እፍ ብላ፣ አሳየችኝ። ምንም አላለችም። ሰላሳ ዓመት ስትናገረኝ ኖራ ያን ቀን ዝም ማለቷ ነው የከበደኝ፤ ዝምታ እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ደሳለኝ ከቢሮው ሲሸኘኝ እንዲህ ብሎኛል፦ «ከእንግዲህ እንደለመዱት ይናገሩ አባት። ቋቱ ልክዎን አውቋል፤ እሱ ያስተካክለዋል።» ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን» ብሎ ይተኛ ነበር። እኔ ግን አልጋየ ላይ ተገላበጥኩ። እንዴት ነው የእኔ ቃል በአሥር እየተባዛ የሚሄድ? አስተርጓሚ የሚያስፈልገኝ የውጭ አገር ሰው ነኝ? አባቴ እኮ ሲምል «እውነት» ብቻ ብሎ ነበር የሚምል። ስለዚህ ከእንግዲህ እውነቷን እንደወረደች እናገራለሁ ብየ ቆረጥኩ። ለደሳለኝ ልንገረው ብየም አላሰብኩ። እውነት ለመናገር ማንን አስፈቅዳለሁ?

ቀበሌውን ሰብስቤ አወጅኩ። «ዘንድሮ ሁሉም ያለውን ይናገር።»

አያ ቢያድግ ተነሣና «አፌ አይለምድልኝም» አለ።

«እንለማመድ። ስንት ፍየል አለህ?»

«እንዳው...»

«እንዳውን ተዋት።»

አያ ቢያድግ ላቡን ጠረገ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ከጥርሱ ሥር ቁጥሩን ተናገረ። ሴቶቹ አማተቡ። ያው እንደ ክፉ ዕድል ሆነና ሌሊቱን አንዷን ፍየል ጅብ በላት። ጠዋት ቆዳዋን ይዞ ደጃፌ ቆመ።

«ይኸው ቁጥርህ» አለኝ።

«ጅቡ ስብሰባው ላይ አልነበረም» ብየ መለስኩ። መለስኩ እንጅ እኔም ደንግጫለሁ። ነገር ግን አንዴ አውጃለሁ፤ ያወጅኩትን ለጅብ ብየ አልመልስም።

በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ቶሎ ሸሸ። ከዘራነው አብዛኛው ሳይበቅል ቀረ፤ የበቀለውም አጠረ፤ ግመል ቢገባበት ጉልበቱን አይሸፍነውም ነበር። መንገዱ በውሃ ስለተቆረጠ ደሳለኝ አልወረደም፤ በስልክ ነው የጠየቀ።

«ዘንድሮስ ስንት ጆንያ ይጠብቃሉ አባት?»

ጉሮሮየን ጠረግኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። «ሃያ» አልኩ።

«ሃያ አሉኝ?»

«ሃያ።»

«አምና እኮ አምስት ነበር ያሉኝ።»

«አምና አምና ነው። ዘንድሮ ሃያ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ድምፁ ተንቀጥቅጧል። በእኔ እውነተኛነት ልቡ የተነካ መሰለኝ። እኔም እንባየ መጣ። ቀጥሎ ለአያ ቢያድግ ደወለለት፣ ቀጥሎ ለሌሎቹ። ሁሉም እንዳወጅኩት እውነቱን ነገሩት። በኋላ እንደሰማሁት ሸሕዲ ላይ የእኛ ምሰሶ የኮምፒውተሩን ጣራ ነክቷል። አብደራፊ አጠገባችን ቆሞ እንደ አጥር እንጨት አጠረ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ጠርቶ አሳይቷል።

ሰሊጡ ቢጫ ባለ በነጋታው አቧራ ተነሣ። ፍየል መስሎኝ ነበር። መኪና ነው። ከኋላው ሌላ መኪና። ከእሱም ኋላ ሌላ። ከሁሉም ኋላ ተሳቢ የጎተተ ትራክተር። ከላይ እስከ ታች ሳሉግ። ሊቀመንበር ስለሆንኩ ሁሉንም እኔ ደጃፍ አራገፏቸውና መኪናዎቹ ተመለሱ፤ ሥራው ሲያልቅ እንመጣለን ብለው። ሥራው በኮምፒውተሩ ስሌት ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

የሳሉጎቹ አለቃ ይስማው የሚባል ጎጃሜ ነው። ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ዙሪያውን አየና «አባቴ፣ እርሻው ወዴት ነው?» አለኝ።

«ቆመህበታል።»

እግሩን አነሣ። «ይቺ?»

«እሷው።»

«ከዚያ ወዲያ ያለውስ?»

«የአያ ቢያድግ ነው። እሱም እንዲሁ ነው።»

«ከእሱስ ወዲያ?»

«ሱዳን።»

ይስማው ማጭዱን ከትከሻው አወረደ። እንደ ንብ ገቡበት። አንዱን ሰሊጥ ሁለት ሰው ጨብጦ «እኔ ነኝ የቀደምኩ» ሲባባሉ በዐይኔ አይቻለሁ። ለምሳ ሳይደርስ ማሳው ተላጨ። ነዶው ታስሮ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ሂላው፣ የነዶው ክምር ማለቴ ነው፣ ቆመ። ከዚያ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ተቀመጠና ወደ እኔ ያይ ጀመር። እንግዲህ የአገሩ ደንብ እንደምታውቁት ነው፤ ማጭዱን ይዞ ማሳህን የረገጠ ሰው እስኪሄድ ድረስ የሚበላ አንተ ቤት ነው።

ትርንጎ ወደ ጎተራው አየች፣ ወደ ሳሉጎቹ አየች፣ ወደ እኔ አየች።

«እውነት ይህን ያህል ትበላለች?» አለችኝ።

የክረምት ማሽላችን ወደ ወፍጮ መመላለስ ጀመረ። አህያዋ ከውሃ ጉድጓድ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጉድጓድ ስትል ዐይኗን ጨፍና ትሄድ ነበር። ሳሉጎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እጃቸው ሥራ ሲያጣ ራኩባየን አፍርሰው በትልቁ ሠሩት፤ አጥሬን አጠሩ፤ አጥር የማልፈልግበትንም አጠሩ። ግን ተቀምጠው መዋላቸው ራሳቸውንም እየጎዳቸው ነበር። የእነሱም ወቅት ያችው ሳምንት ናት። ይስማው በየጠዋቱ ወደ መንገዱ ያይና «አብደራፊ ሰሊጡ ቆሞ ይፈሳል አሉ» ይላል፤ ከዚያ ማጭዱን ይስላል። ማጭዱ ከመሳል ብዛት ቢላ አክሏል።

ጥቂት ቀን ታግሸ ለደሳለኝ ደወልኩ። «ልጄ፣ ሰዎቹን ውሰድልኝ። ሰሊጡ አልቋል።»

«አልቋል?»

«አልቋል። ምንም የቀረ የለም። እንዳው ምንም።»

ደሳለኝ ከአፉ ሳይሆን ከልቡ ሳቀ። «አይ አባት፣ ገባኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ለሥራ አስኪያጁ «ምንም የለም ካሉማ ገና ብዙ ነው» እንዳለው በኋላ ነው የሰማሁ። በማግስቱ አቧራ ተነሣ። ተመስገን፣ ሊወስዷቸው መጡ አልኩ። ተጨማሪ ሳሉግ ነበር። በላዩም አንድ መኪና ሸራ።

ትርንጎ ጎተራው ደፍ ላይ ተቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ስልኩን ለእኔ ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት።

«ደሳለኝ ልጄ» አለችው። «ምን እንደሆነ አልነግርህም። ብነግርህ ታበዛዋለህ። ና ተመልከት።»

ሞተሩን እያንደቀደቀ መጣ። የተላጨውን ማሳ አየ። በጥላ ሥር የተቀመጠውን ሠራዊት አየ። አዲሱን አጥር አየ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«አባት፣ ስንት ነበር ያሉኝ?»

«ሃያ።»

«የተገኘውስ?»

«ሃያ ነው የሚወጣው።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «እውነቱን ነው የነገሩኝ?»

«እውነቱን።»

«ለምን?» አለኝ።

በዚህ ዕድሜየ ለምን ዋሸህ ተብየ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ፤ በሕፃንነቴ በአባቴ፣ በጉልምስናየ በሚስቴ፣ በእርጅናየ በግብር ሰብሳቢ። ለምን እውነት ተናገርክ ተብየ የተጠየቅኩ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። አያ ቢያድግ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «እኔ ነግሬዋለሁ፤ ፍየሌም ነግራዋለች» አለ።

ደሳለኝ እዚያው ሆኖ ደወለ። መኪናዎቹ በዚያው ቀን መጥተው ሳሉጎቹን ወደ አብደራፊ ጫኑ። እዚያ ሲደርሱ የፈሰሰው ፈሶ፣ የተረፈው ተረፈ። እኛም የተረፈን ሃያ ጆንያ ሰሊጥና ባዶ ጎተራ ነው። ሰሊጡን ሸጠን ሳሉግ የበላውን ማሽላ መልሰን ገዛን። አጥሩ ግን ጥሩ አጥር ነው፤ እስካሁን አለ።

ደሳለኝ ሲሄድ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ «አባት፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አለኝ። «ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ወይ ሁልጊዜ እንደዘንድሮው፣ ወይ ሁልጊዜ እንደድሮው። ቋቱ ሁለቱንም ይችላል። መለዋወጡን ነው የማይችል።»

አስብበታለሁ አልኩት። እስኪሄድ ያልኩት ነው እንጅ አላሰብኩበትም። ቀበሌው ያን ቀን ማታ ያለ ስብሰባ ወስኖ አድሯል።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ደግ ሆነ። ሰሊጡን ለመናገር አልፈልግም። ስልኩ ጮኸ።

«እንደምን ሰነበቱ አባት። ዘንድሮስ እንዴት ነው?»

«እንዳው ምን አለና ልጄ» አልኩ።

ከስልኩ ማዶ ትልቅ ትንፋሽ ሲወጣ ተሰማኝ። «ስንት ይሆናል?»

«እንዳው ስድስት ጆንያ ካገኘሁ ምን አነሰኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባት» አለኝ። እንደዚያ ከልቡ ሲያመሰግነኝ ሰምቸው አላውቅም።

ሰሊጡ ቢጫ ባለ በነጋታው አንድ መኪና መጣ። አንድ ብቻ። ከላይ ዘሎ የወረደው ይስማው ነው። አዲሱን አጥሩን ዳሰስ አደረገና ጉልበቴን ሳመ።

«እህ አባቴ፣ ዘንድሮስ ሰሊጡ እንዴት ነው?»

«እንዳው ምን አለና» አልኩት።

ይስማው ወደ ማሳው ዞሮ አላየም። ወደ ባልንጀሮቹ ዞረና፣ «ብዙ ነው፤ ማጭዳችሁን ሳሉ» አላቸው።